ለአንድ ዓመት ኢንስብሩክ መጥተናል፣ ትልቁን ልጅ ትምህርት ቤት እናቆየው ወይስ ቤት እናስቀረው?

የብርድ_አገር_ልጅ
መስከረም 20

ሰላም ለሁላችሁም። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ነው የማልፈው፣ ዛሬ ግን ምክር ቸግሮኝ ነው የጻፍኩት፣ ትንሽ ይረዝማልና ታገሱኝ። የደብረብርሃን ልጅ ነኝ፣ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ፣ ለጥናቴ የአንድ ዓመት ስኮላርሺፕ አግኝቼ ኦስትሪያ ኢንስብሩክ ነው ያለሁት። ባለቤቴና ልጆቻችን ከሶስት ሳምንት በፊት ገቡ። ወንዱ 7 ዓመቱ ነው ሴቷ 4።

ከተማዋ ሸለቆ ውስጥ ናት፣ በሰሜንም በደቡብም ተራራ ቆሞባታል፣ መሀሏን ኢን የሚባል ወንዝ ያልፋል፣ ስሟም የኢን ድልድይ ማለት ነው። የመጡ ዕለት ጠዋት ልጄ መጋረጃውን ገለጠና "እማዬ ተራራው ቤቱ ላይ ሊወድቅ ነው" አለኝ። እኛ እኮ ተራራ ላይ ነው የኖርነው፣ ተራራ ስር መኖር ሌላ ነገር ነው። አገር ቤት ሳለን ሰው ሁሉ የተራራ ከተማ ነው ከፍታው ያሳምማችኋል ሲለን ነበር፣ ከተማዋ ግን 574 ሜትር ላይ ናት፣ ደብረብርሃን ደሞ ከ2800 ሜትር አካባቢ ነው። በኬብል የሚወጣበት ሀፈለካር የሚባለው ጫፍ ራሱ 2334 ሜትር ነው፣ አዲስ አበባን ያህል ማለት ነው። ስለዚ ትንፋሽ አልቸገረንም።

የቸገረን ልጁ ነው። ሁለተኛ ክፍል ገባ፣ ጀርመንኛ አንድ ቃል አያውቅም። ባለፈው ሐሙስ ልወስደው ስሄድ በሩ ጋ ቆሞ ጃኬቱን ወገቡ ላይ አስሮ ጠበቀኝ፣ ለምን አሰርከው ስለው አይናገርም፣ ቤት ስንደርስ ነው ሱሪው መርጠቡን ያየሁት። ሽንት ቤት ልሂድ ማለት አያውቅማ። ያን ቀን ማታ አልተኛሁም። ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ብለን ልጁን ለምን እናሳቅቀዋለን፣ መጽሐፎቹን ይዘን መጥተናል እኔ ቤት ላስተምረው ይላል። እኔ ደሞ ልቤ ሁለት ሆኗል። የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ።

መምህር_ከአዲስ
መስከረም 20

እህቴ አይዞሽ። እኔ በመምህርነቴ የባለቤትሽን ሐሳብ እደግፋለሁ። ልጁ ሲመለስ ሶስተኛ ክፍል ነው የሚጠብቀው፣ አማርኛ አንብቦ መረዳት አለ፣ ሒሳቡ አለ፣ እነሱ ጋ በማያውቀው ቋንቋ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጦ ባዶውን ከሚመለስ አባቱ ቢይዘው ይሻላል። ከውጪ ተመልሰው ፊደል የጠፋባቸው ልጆች ክፍሌ ውስጥ አይቻለሁ፣ በጣም ነው የሚያሳዝኑት።

ቪየና_ዶናው_ማዶ
መስከረም 21

ልጄ ደህና ነሽ ወይ። እኔ ቪየና ከገባሁ 23 ዓመቴ ነው፣ ሶስት ልጅ እዚህ አስተምሬያለሁ። መጀመሪያ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እዚህ አገር 6 ዓመት የሞላው ልጅ መማር ግዴታው ነው፣ እናንተ ዓመቱን ሙሉ ስለምትኖሩ ዝም ብሎ ማስቀረት የሚባል የለም፣ ቢሮ ያስጠራችኋል። ቤት ማስተማር ለሌላው ቢፈቀድም አስቀድሞ ማሳወቅ አለበት መጨረሻ ላይም ፈተና አለው፣ ፈተናው በጀርመንኛ ነው፣ ጀርመንኛ ገና ሆኖ የቋንቋ ድጋፍ ክፍል ለሚመደብ ልጅ ግን አይፈቀድም።

ሁለተኛ ልጁ የጎደለው ቋንቋ አይደለም፣ አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ዛሬ ማታ ቁጭ በይና "ኢኽ ሙስ አውፍስ ክሎ" አስጠኚው፣ ሽንት ቤት መሄድ አለብኝ ማለት ነው። "ሚር ኢስት ካልት" በረደኝ። "ኢኽ ፈርሽቴ ኒኽት" አልገባኝም። "ዳርፍ ኢኽ ሚትሽፒለን" ልጫወት ወይ። "ማይነ ማማ ኮምት" እናቴ ትመጣለች። አንድ ወረቀት ላይ ሥዕል ሥለሽ ኪሱ ክተቺለት፣ ሲጨንቀው ለመምህሯ ያሳያታል። መምህሯንም ሄደሽ አነጋግሪያት፣ ሱሪው የረጠበውን ምንም ሳትደብቂ ንገሪያት። እዚህ ሰው ካልነገሩት አያውቅም፣ ከነገሩት ግን ይረዳል።

የብርድ_አገር_ልጅ
መስከረም 21

እማማ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እርስዎ እንዳሉት ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። "ኢኽ ሙስ አውፍስ ክሎ" አሁን ቤቱ ሁሉ እያለው ነው ትንሿ ሳትቀር።

አውሮራ_ኮሎራዶ
መስከረም 22

እኔ የመምህሩን ስጋት አልንቀውም ምክንያቱም ደርሶብኛል። ባለቤቴ ለአንድ ዓመት ስልጠና መጥቶ ልጃችንን ይዘን መጣን፣ እንግሊዝኛው ላይ ብቻ ተረባረብን፣ ዓመቱ አልቆ አዲስ አበባ ስንመለስ ልጁ ሀ ሁን ረስቶ አንድ ክፍል ዝቅ ብሎ ገባ፣ ኋላ ደሞ ዲቪ ደርሶን ተመልሰን መጣን እሱ ሌላ ታሪክ ነው። ስለዚ ትምህርት ቤቱን አታስቀሪው ግን ማታ ማታ ግማሽ ሰዓት ፊደል፣ እሁድም ሳይቀር። አያቱ ጋ በስልክ ያንብብላቸው፣ ለመምህር ከሚያነብ ለአያት ሲያነብ ይበረታል።

ሌላው ወረቀት ነው። ሲጨርስ ሰርተፍኬቱን ይዛችሁ ካልገባችሁ ልጁ የትም እንዳልተማረ ነው የሚቆጠረው። ከአሁኑ ጠይቂ።

ቪየና_ዶናው_ማዶ
መስከረም 22

እውነቷን ነው። ቋንቋ ገና ለሆነ ልጅ ዓመቱ ሲያልቅ እንደሌላው ውጤት ያለበት ካርድ ላይሰጡት ይችላሉ፣ ትምህርት መከታተሉን የሚያረጋግጥ ወረቀት ነው የሚሰጡት። እሱን አስተርጉሚ፣ ማህተሙን በየደረጃው አስመቺ። ኢንስብሩክ ባለችበት በቲሮል ክልል ትምህርት የሚዘጋው ሐምሌ መጀመሪያ ላይ ነው በፈረንጁ፣ ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት ሰው አታገኚም።

የብርድ_አገር_ልጅ
ጥቅምት 23

ጠፋሁ ይቅርታ። ቃል በገባሁት መሠረት ያለውን ልንገራችሁ።

መምህሯ እኔ እንደፈራሁት አይደለችም። ጉዳዩን ስነግራት እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና በማግስቱ ለክፍሉ ልጆች በሙሉ የእጅ ምልክት አስተማረች፣ ሁለት ጣት ማለት ሽንት ቤት፣ ሁሉም ስለሚጠቀምበት እሱ ለብቻው አይታይም። ከዚያ ወዲህ ሱሪ አልረጠበም።

ኑሮውን በተመለከተ ያላወቅነው ብዙ ነበር። በገባችሁ በ3 ቀን ውስጥ የመኖሪያ ምዝገባ አለ፣ ሜልደጸተል ይሉታል፣ እሷ ወረቀት ከሌለች ባንክ የለም ትምህርት ቤት የለም ምንም የለም። ልጆች ደሞ ትምህርት ቤትም መዋዕለ ሕፃናትም በር ላይ ጫማ አውልቀው የቤት ጫማ ያደርጋሉ፣ እኛ አላወቅንም፣ ልጄ ሁለት ቀን በካልሲ ነው የዋለው። እሁድ ሱቅ ዝግ ነው፣ ቅዳሜ ማታ ወተት ያላሰበ ሰኞ ድረስ የለውም። የመጀመሪያውን ቤት ያጣነው ባለቤቱ በስልክ እሺ ብሎን በር ላይ ሲያየን ተከራይቷል ስላለን ነው፣ ያን ቀን ልጆቹ ከኋላችን ስለነበሩ ነው የከፋኝ።

ሰዓቱም ለክረምታቸው አንድ ሰዓት ወደኋላ ተመልሶ አሁን 11 ሰዓት ላይ ይመሻል፣ ታህሳስ ላይ 10 ሰዓት ተኩል ይጨልማል አሉኝ። ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል! እኛ አገር ልጅ ከትምህርት ቤት ወጥቶ ገና ኳስ የሚጀምርበት ሰዓት ነው።

እንጀራ ግን ተቸግረናል። ያመጣሁትን ምጣድ ሰካሁት፣ ብሬከሩ ዘለለ፣ ደግሜ ብሞክር ደግሞ ዘለለ።

ምጣድና_ሽቦ
ጥቅምት 24

ኤሌክትሪሻን ነኝ ሽቱትጋርት። የኛ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ገደማ ይስባል። የሶኬቱ መስመር 16 አምፒር ከሆነ 16 በ230 ሲባዛ 3680 ዋት ነው፣ 13 አምፒር ከሆነ 2990 ነው፣ ያኔ ምጣዱ ብቻውን ይጥለዋል። ባለ 16 ቢሆንም ማጠቢያ ማሽን ወይ የሻይ ማፍያ በዚያው መስመር ካለ በቃ ነው። ብሬከሩ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እዪ። አደራ በማራዘሚያ ገመድ እንዳትሞክሪው እሳት ነው የሚያስነሳው። እዚያው ሱቅ የሚሸጠውን ሰፊ የፓንኬክ ምጣድ ግዢ፣ አይኑ ያምራል፣ መጠኑ ብቻ ያንሳል።

የብርድ_አገር_ልጅ
ጥቅምት 24

ወንድሜ አመሰግናለሁ፣ አየሁት 13 ይላል። ሊጡስ? አምስተኛ ቀኑ ነው አልቦካም።

ቪየና_ዶናው_ማዶ
ጥቅምት 24

ማሞቂያው ጎን በፎጣ ጠቅልለሽ አስቀምጪው፣ ላዩ ላይ አይሁን ይበስልብሻል። አብሲቱን አትዝለዪ፣ በብርድ አገር ያለ አብሲት አይን አይወጣም። ስትጋግሪ ግን መስኮት ክፈቺ፣ ወጡም እንፋሎቱም ግድግዳ ላይ ገብቶ ሻጋታ ያመጣል፣ ሻጋታ ከመጣ ስትወጡ ከመያዣችሁ ላይ ነው የሚቆርጡት። በቀን ሁለት ሶስት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ወለል አድርጎ መክፈት ነው፣ ገርበብ አድርጎ ማዋል ቤቱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ አየሩን አይቀይረውም።

የብርድ_አገር_ልጅ
ህዳር 14

ትላንት በረዶ ጣለ። ዝናብ ላይ የምናየው በረዶ አይደለም፣ ያ ነጩ፣ ድምፅ የሌለው። ልጆቹ በሌሊት ልብሳቸው በረንዳ ወጥተው መዳፋቸውን ዘርግተው ቆሙ። ልጄ ወዲያው አያቱ ጋ ደውሎ "እማማ በረዶ ወረደ፣ ሁሉን ነገር ሸፈነው!" አላት። እናቴ ዝም አለች፣ ከዚያ በደከመ ድምፅ "እህሉንስ መታው?" አለችው። ገብሱ አጨዳ ላይ ነዋ ያለው፣ ለሷ በረዶ ማለት የዓመት ልፋት በአንድ ሰዓት ሲጠፋ ነው። ልጁ አልገባውም፣ "አይ እማማ ለስላሳ ነው፣ እንደ ጥጥ ነው፣ ማንንም አይመታም" አላት። እሷም ተመስገን አለች። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ፣ ለምን እንደሆነ እንጃ፣ አንድ ቃል ሁለት አገር ላይ እንዲህ ሲሆን።

ከዚያ በፊት ደሞ ፎን የሚሉት ንፋስ ነበር። ከደቡብ ብሬነር በሚሉት የተራራ መተላለፊያ በኩል ተራራውን ተሻግሮ ሲወርድ ይሞቃል ይደርቃል፣ በህዳር ሹራብ ያስወልቃል። ባለቤቴን ሁለት ቀን ሙሉ ራሱን አመመው፣ ልጆቹ በትንሽ በትልቁ ተጣሉ፣ ጎረቤታችን "ፎን ነው፣ ሁላችንም እንዲህ ነን" አለችን።

የምጨነቀው አሁን ስለ ባለቤቴ ነው። እኔ ጠዋት ወጥቼ ሰው መሀል እውላለሁ። እሱ አገሩ ሥራ ያለው ሰው ነው፣ እዚህ የቤተሰብ ፈቃዱ እንደልብ ሥራ አያስቀጥረውም። ማታ ስገባ ቤቱ ጸድቶ ምግቡ ቀርቦ እሱ ግን መስኮት ጋ ቁጭ ብሎ ነው የማገኘው።

አባወራው
ህዳር 15

ሰላም፣ ባለቤቷ ነኝ። የጻፈችውን አሳየችኝና እኔም ልጻፍ አልኩ።

እውነት ነው ከብዶኛል። ቤት መዋል አይደለም የከበደኝ፣ ልጆቼን መያዝ ደስታዬ ነው። የከበደኝ ቀኑን ሙሉ ድምፄን አለመስማቴ ነው፣ ማታ እሷ ስትገባ ስናገር ድምፄ ይሻክራል። አንድ ነገር ግን ሳልጠብቀው ረዳኝ። ትንሿ መዋዕለ ሕፃናት ስትገባ እስክትለምድ ወላጅ አብሮ መቀመጥ አለበት አሉኝ፣ እንዲህ ነው ልማዳቸው፣ እኔም ሁለት ሳምንት በዚያች ትንሽ ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬ ድረስ ደርሶ ተቀመጥኩ። ልጆቹ መጽሐፍ ያመጡልኛል፣ ሥዕሉን እየጠቆሙ ስሙን ይነግሩኛል፣ ስሳሳት ቀስ ብለው ይደግሙልኛል። ጀርመንኛዬ ከአራት ዓመት ልጆች የተማርኩት ነው። ላም፣ ማንኪያ፣ ዝናብ፣ ተነስ፣ ተራህ ነው። እነዚህን ነው የማውቀው።

የህዳር 2 የቅዱስ ማርቲን ዕለት ደሞ ልጆቹ በወረቀት የሠሩትን ፋኖስ ይዘው በጨለማ እየዘመሩ ሄዱ፣ የኔዋ ፋኖሷን ከፍ አድርጋ ዜማውን ብቻ እያለች ቃሉን ሳታውቀው ትዘምራለች። አንድ አባት ጎኔ መጥቶ የራሱን ልጅ እያሳየኝ ስሙን ነገረኝ፣ ስሜን ጠየቀኝ። ከመጣሁ ስሜን የጠየቀኝ የመጀመሪያው ሰው ነው።

አውሮራ_ኮሎራዶ
ህዳር 15

ወንድሜ ያንን አባት አትልቀቀው። ሻይ ልጋብዝህ በለው፣ እነሱ ቀድመው ቤት አይጠሩም ከተጠሩ ግን ይመጣሉ።

ተራራ_ወጪው
ህዳር 16

ኢንስብሩክ ሁለት ዓመት ተምሬያለሁ። አባወራው ሰላም ልበልህ፣ ተራራ ውጣ! እዚያ አገር ከ1000 ሜትር በላይ ዚ የለም ዱ ነው ይላሉ፣ ማለት አንቱታ የለም፣ ፕሮፌሰሩም ገበሬውም አንተ ነው የሚባባለው፣ መንገድ ላይ የተገናኘ ሁሉ ግሪያስ ዲ ሳይል አያልፍም። ታች ከተማ ውስጥ ዓይንህን የማያይህ ሰው ተራራው ላይ ሲያገኝህ አፕል ቆርሶ ይሰጥሃል።

ክረምታቸው ላይ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። የበረዶ ናዳ ማስጠንቀቂያ ከ1 እስከ 5 ደረጃ አለው፣ በየቀኑ ያወጣሉ፣ ሳታይ ከተጠረገ መንገድ እንዳትወጣ። የተራራ አደጋ 140 ነው አምቡላንስ 144፣ ልጅ አሞት ሆስፒታል ልሂድ ወይስ አልሂድ ካላችሁ 1450 ነርስ ታናግራችኋለች። ስልካችሁ ላይ መዝግቡት።

የብርድ_አገር_ልጅ
ህዳር 28

አንድ ነገር ማንም አልነገረንም፣ ልጅ ይዛችሁ ለምትመጡ ልንገር። የህዳር 26 ማታ ክራምፑስ የሚሉት አለ፣ የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ዋዜማ ነው፣ ቀንድ ያለው የእንጨት ጭምብልና የፍየል ፀጉር ለብሰው ወገባቸው ላይ ትልልቅ ቃጭል አስረው መንገድ ላይ ይወጣሉ። እኛ ሙዚቃ መስሎን ሄድን። ሴቷ ልጄ እንደዚያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም፣ አባቷ ጃኬቱ ውስጥ ከተታት። ጎረቤታችን አይታ ሮጣ ሄዳ አንዱን ይዛው መጣች፣ ጭምብሉን አወለቀ፣ ፊቱ በላብ የቀላ የ17 ዓመት ልጅ ቢሆን ነው፣ ተንበርክኮ ቀንዱን አስነካት። ነካችው። ማታ ግን መብራት ሳይጠፋ ነው የተኛችው፣ እስከ ዛሬም እንደዚያው ነው።

ቪየና_ዶናው_ማዶ
ህዳር 28

ወይኔ እኔው ነኝ ያልነገርኩሽ። ገናን ግን አሁኑኑ አስቢበት። የነሱ ዕረፍት ታህሳስ 28 ያልቃል፣ ትምህርት የሚከፈተው ልክ በኛ ገና ታህሳስ 29 ነው። ለመምህሯ ቀደም ብለሽ የኦርቶዶክስ በዓላችን ነው ብለሽ ደብዳቤ ጻፊ፣ ለሃይማኖት በዓል ይፈቅዳሉ፣ በዕለቱ ከመጥራት ቀድሞ መጻፉ ይሻላል።

የብርድ_አገር_ልጅ
ጥር 3

ፈቀዱ። ድፎ ዳቦው በነሱ ምድጃ ከላይ ነደደ ከሥር አልበሰለም፣ ገልብጬ ጨረስኩት። ያ ስሙን የጠየቀው አባት ከነቤተሰቡ መጣ፣ ቡናውን ስቆላ መስኮት ከፍቼ ነበር ግን የጭስ ማንቂያው ጮኸ፣ ሰውየው ወንበር ላይ ወጥቶ በጋዜጣ እያራገበ አጠፋው። ከዚያ በኋላ እንግዳ አይመስሉም ነበር። ሶስተኛ ስኒ ድረስ ቆዩ። በማግስቱ ልጄ ሁለተኛ ክፍል ሙሉ የገና ጨዋታን አስረዳሁ ብሎ መጣ፣ በምን ቋንቋ ስለው ግራ ገብቶት አየኝ፣ "በነሱ ነዋ" አለኝ።

መምህር_ከአዲስ
ጥር 4

ደስ ብሎኛል እህቴ፣ ስለ ልጁ ተሳስቼ ነበር። ፊደሉስ?

የብርድ_አገር_ልጅ
ጥር 4

ማታ ማታ ለአያቱ ያነባል መምህር። እናቴ ራሷ ማንበብ አትችልም፣ ስለዚ ሲሳሳት አታርመውም፣ ቀጥል ልጄ ነው የምትለው። ማረሙ የአባቱ ሥራ ነው።

አባወራው
መጋቢት 9

ለተራራ ወጪው፣ ወጣሁ። ከዚያ አባት ጋር በጫማ በረዶ እየረገጥን ሁለት ሰዓት ሄድን፣ ላይ ደርሰን ስንቀመጥ ያው አዲስ አበባን ያህል ከፍታ ነው፣ አየሩ ሳንባዬን አወቀው። ታች ከተማው ሁሉ ጉም ውስጥ ነበር እኛ ፀሐይ ላይ። አንዲት አሮጊት ዱላቸውን ተደግፈው "አንተ ከየት ነህ" አሉኝ፣ ዱ ብለው። ከ2800 ሜትር ነኝ አልኳቸው በሰበርኩት ጀርመንኛ። እጃቸውን ሰጡኝ።

ሐዋሳ_ለመስከረም
ግንቦት 30

ሰላም፣ ክሩን ከመጀመሪያው አነበብኩት። እኔና ባለቤቴ ከአንድ የ5 ዓመት ልጅ ጋር በመስከረም ኢንስብሩክ እንመጣለን፣ እኛ ደሞ የሞቃት አገር ሰዎች ነን። ምን ይዘን እንምጣ?

የብርድ_አገር_ልጅ
ግንቦት 30

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። ምጣድ አትጫኚ። የልደት ሰርተፍኬትና የጋብቻ ወረቀት አስተርጉመሽ አረጋግጠሽ ዋናውንም ኮፒውንም ያዢ፣ በርበሬና ሽሮ ያዢ፣ እርሾውን ድርቆሽ አድርገሽ አምጪው። ልብሱን ተዪው የናንተ ወፍራም ለዚህ ቀጭን ነው። እኛ የምንወጣው ሐምሌ መጨረሻ ላይ ነው። የልጄ የበረዶ ሱሪና ቦት የ5 ዓመት ልጅ ትንሽ ይሰፋዋል እንጂ ይሆነዋል፣ የሴቷም አለ፣ የእንጨት መንሸራተቻም አለን፣ ሰፊው የፓንኬክ ምጣድም አለ። ጎረቤታችን ምድር ቤት ባለው ዕቃ ቤቷ አስቀምጬ አቆያለሁ ብላለች። ልጅሽ ወንድ ነው ሴት? የጫማ ቁጥሩን ላኪልኝ፣ የቤት ጫማውን እኔ ገዝቼ ከላዩ ላይ አስቀምጣለሁ።